ፈጣሪን ፍለጋ የሄደች መርከብና የሶዶ ድንጋዮች

«ፕሮሜቲየስ» የተባለውን ፊልም አይተው የተስማሙ ሁለት ሰዎች ማግኘት ያስቸግራል። ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2012 ለዕይታ ያበቃው ይህ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በዓለም ዙሪያ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ሃያሲ ሮጀር ኢበርትም ከአራቱ ኮከቦቹ አንዱን ሳያስቀር ሰጥቶታል። የስኮትን የቀድሞ ሥራዎች እየወደዱ ያደጉ ብዙ ተመልካቾች ግን ከአዳራሽ የወጡት ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው።

ክርክሩ እኛም ጋ ደርሷል። እዚህ ሶዶ፣ ቡኢ ከተማ ውስጥ ፊልም በአብዛኛው የሚታየው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ፣ በቴሌግራም፣ አለዚያም አንድ ተራኪ የሁሉንም ንግግር በራሱ ድምፅ በሚያስኬድበት የአማርኛ ትርጉም ነው። ስለ «ፕሮሜቲየስ» ከወጣቶቹ የሚሰማው ፍርድም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ሳይንቲስት ተብለው እንዲህ ይጃጃላሉ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «አውሬው የታለ?» የሚል ነው። ሁለቱም ክሶች እውነት አላቸው። ፊልሙን በእነዚህ ብቻ መክሰስ ግን ዋናውን ጥፋቱን በነጻ ማሰናበት ይመስለኛል። ያ ጥፋት ደግሞ ከሌላው ዓለም ተመልካች ይልቅ ለሶዶ ሰው ቶሎ ሊታየው ይገባል።

ነገሩ የሚጀምረው ስኮት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ከሠራው «ኤሊየን» ነው። «ኖስትሮሞ» የተባለች የጭነት መርከብ ሰባት ሠራተኞቿን ይዛ በጠፈር ስትጓዝ ከአንድ ጭር ካለ ዓለም ምልክት ይደርሳታል። ሠራተኞቹ ወርደው ሲያዩ ወድቃ የቀረች የባዕዳን መርከብ ያገኛሉ፤ ውስጧ ከመቀመጫው ጋር የተጣበቀ ግዙፍ በድን አለ። የደረቱ አጥንት ከውስጥ ወደ ውጭ ተፈልቅቋል። ማን ነው? ምን ጭኖ ወዴት ይሄድ ነበር? አንድም ሰው አይናገርም፤ ታሪኩም ጥሎት ያልፋል። ስኮት ያን በድን ከመጠኑ በላይ ግዙፍ ለማስመሰል የገዛ ልጆቹን የጠፈር ልብስ አልብሶ በአዋቂዎቹ ተዋንያን ምትክ አጠገቡ አቁሟቸዋል። ተመልካቹ ያንን ሰው አልረሳውም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንነቱን ሲጠይቅ ኖረ።

(በነገራችን ላይ፣ በዚያ በመጀመሪያው ፊልም አውሬውን ሆኖ የተጫወተው ቦላጂ ባዴጆ የተባለ ናይጄሪያዊ ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያልፍ ነበር። ፊልሙ ውስጥ የገባው ለንደን ውስጥ መጠጥ ቤት ታይቶ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሯል። የኛ ሰው ይህን ቢያውቅ «አውሬው የታለ?» የሚለውን ጥያቄ ትንሽ በኩራት ይጠይቀው ነበር።)

«ፕሮሜቲየስ» ያን በድን ከመሞቱ በፊት ሊያሳየን ቃል ገብቶ መጣ። በፊልሙ ውስጥ ዘመኑ 2089 ነው። ኤልሳቤጥ ሾውና ቻርሊ ሆሎዌይ የተባሉ ሁለት አርኪዮሎጂስቶች በስኮትላንድ ስካይ ደሴት ዋሻ ውስጥ 35 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ሥዕል ያገኛሉ፤ አንድ ግዙፍ ሰው ወደ ከዋክብት ያመለክታል። ተመሳሳይ ምልክት በግብፅ፣ በሱመር፣ በባቢሎን፣ በማያና በሐዋይ ሰዎች ዘንድም ተገኝቷል። ሁለቱ ምሁራን ይህን የጥሪ ደብዳቤ አድርገው ያነቡታል፦ የፈጠሩን ጠርተውናል። ዌይላንድ የሚባል ዕድሜው የገፋ ባለጸጋ ወጪውን ይሸፍንና 17 መንገደኞች «ፕሮሜቲየስ» በተባለች መርከብ ጉዞ ይጀምራሉ።

ከመልካሙ ልጀምር። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለ አንዳች ቃል የሚያልፉ ናቸው። አይስላንድ ውስጥ በሚገኘው የዴቲፎስ ፏፏቴ አፋፍ ላይ አንድ ገርጣ ያለ ግዙፍ ሰው ጥቁር ነገር ይጠጣል፤ አካሉ ይፈራርሳል፤ ፍርስራሹ ውሃው ውስጥ ገብቶ የሕይወት ዘር ይሆናል። ስኮት ከዚያ በኋላ አንድም ፊልም ባይሠራ ይህ ትዕይንት ስሙን ያስጠራው ነበር። ዛሬ ብዙ የጠፈር ፊልም አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቆሞ ተቀርጾ ቀሪው በኮምፒውተር ይሞላል። ስኮት ግን እንግሊዝ ውስጥ በፓይንውድ ስቱዲዮ መርከቡንና ዋሻውን በአካል አስገንብቶ ተዋንያኑን አስገባቸው። ግድግዳው ይዳሰሳል፤ እርጥበቱ ይታያል። ፊልሙን በስልክ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ላየ ሰው የዋሻው ክፍል ጥቁር ከመሆን አያልፍም፤ «አሰልቺ ነው» ከሚሉት ገሚሱ ይህን አጥተው የፈረዱ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሾው በሆዷ ያደረውን ባዕድ ፍጥረት ለማስወጣት የቀዶ ሕክምና ማሽን ውስጥ ገብታ ራሷን የምታስቀድድበት ክፍልም አለ። ማሽኑ ለወንድ ብቻ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ትሰማለች፤ ጊዜ የላትምና ትዕዛዙን ቀይራ ታስጀምረዋለች። እዚህ ላይ ፊልሙ የአባቱ ልጅ ነው፤ 1979ን ያስታውሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ዴቪድ አለ። ማይክል ፋስቤንደር የሚጫወተው ይህ ሰው መሰል ሮቦት፣ መንገደኞቹ ለሁለት ዓመት ሲተኙ ብቻውን ነቅቶ ይጠብቃቸዋል። ጥንታዊ ቋንቋ ያጠናል፤ «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ»ን ደጋግሞ እያየ ጸጉሩን እንደ ፒተር ኦቱል ያቀልማል። ሆሎዌይ ጠጥቶ ፈጣሪዎቹን ባለማግኘቱ ሲበሳጭ ዴቪድ ቀስ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ለመሆኑ ሰዎች እኔን ለምን የሠራችሁኝ ይመስልሃል? ሰውየው «ስለቻልን» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ዴቪድም፣ እናንተ ፈጣሪያችሁን አግኝታችሁ ይኸው መልስ ቢሰጣችሁ ምን ይሰማችሁ ነበር ይለዋል። በዚያ መርከብ ላይ ፈጣሪውን በአካል የሚያውቅ ዴቪድ ብቻ ነው። ፈጣሪው ዌይላንድም በሁሉ ፊት «ልጄ ማለት ነው» ካለ በኋላ ወዲያው ነፍስ እንደሌለው ይናገርበታል። ዴቪድ ይህን ሰምቶ ፊቱ ላይ አንድም ነገር አይለወጥም። ሁለት ሰዓት ሙሉ «ማን ፈጠረን?» እየተባለ የሚጮኸው ጥያቄ እዚህች ላይ ያለ ጩኸት ተመልሷል፦ የፈጠረህ ሰው ላይወድህ ይችላል።

ስለ ሾው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አንገቷ ላይ መስቀል አድርጋ መንገድ የጀመረች ሳይንቲስት ናት፤ ያመነችው ሁሉ ሲፈርስም መስቀሏን መልሳ ትጠይቃለች። ከምዕራባውያን ሃያስያን አንዳንዶቹ ይህን የዋህነት አድርገው አይተውታል። ምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ወረዳ ውስጥ ተቀምጦ፣ በመጋቢት 5 እና በጥቅምት 5 የሚሄደውን ምእመን እያዩ፣ ይህን መቀበል ምንም አይከብድም። ሾው ውስጥ በጣም የሚታመነው ነገር እምነቷ ነው። ሳይንሷ ነው የማያሳምነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቱ። የሰዎቹ መጃጃል ረጅም ዝርዝር አያስፈልገውም፤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በማያውቁት ዓለም የራስ ቁራቸውን ያወልቃሉ። የዋሻውን ካርታ የሚሠሩትን በራሪ መሣሪያዎች የለቀቀው ጂኦሎጂስት ራሱ ዋሻ ውስጥ መንገድ ይጠፋበታል። ባዮሎጂስቱ እባብ የመሰለ ፍጥረት አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያስፈራራው እንደ ቡችላ ሊያሻሸው ይጠጋል። የሚንከባለል መርከብ ከኋላ ሲመጣባት ቪከርስ የተባለችው መንገደኛ ወደ ጎን ሁለት እርምጃ በመራመድ ፈንታ ፊት ለፊት ትሮጣለች። ሰው በፍርሃት ይሳሳታል፤ ግን እነዚህ ስሕተት የሚሠሩት ታሪኩ ሬሳ ስለፈለገ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጥቁሩ ፈሳሽ ነው። አንዱን ያፈራርሰዋል፤ አንዱን ያሳብደዋል፤ ትሉን እባብ ያደርገዋል፤ መካኗን ሴት ያስረግዛል። ሕግ የሌለው ነገር አያስፈራም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለመገመት የሚያስችል ነገር የለማ። የ1979ኙ አውሬ ያስፈራን የነበረው ከእንቁላል ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ደረት የሚሄድበትን መንገድ ስለምናውቅ ነበር። ያ የጥሪ ደብዳቤም እንዲሁ ትርጉም አጣ። ሥዕሉ መንገደኞቹን ያደረሳቸው ወደ ፈጣሪዎቹ ቤት ሳይሆን ወደ መሣሪያ ማከማቻቸው ነው። እንግዳን ወደ ጥይት መጋዘን የሚጠራ ማን ነው? ፊልሙ አልመለሰውም፤ የጠየቀውም አይመስለኝም።

ካለቀ ታሪክ ኋላ ሄዶ መነሻውን መተረክ ከባድ ሥራ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከማግኘታችን በፊት የወላጆቹን የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ኑሮ ያስነብበናል። ቸኩሎ ለሚያነብ ሰው መንገድ ማስረዘም ይመስላል። ሆኖም ወላጆቹ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ስለት፣ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ዋናው ዕዳው ይሆናል። የፊተኛው ታሪክ የኋለኛውን ያከብደዋል። «ፕሮሜቲየስ»ን አይቶ ወደ «ኤሊየን» የተመለሰ ሰው ግን የሚያገኘው የቀለለ ነገር ነው። ያ አስፈሪ በድን ለካ የጠፈር ልብስ ለብሶ ነበር፤ ከውስጡም ጡንቻው የወጠረ ነጭ ሰውዬ ነው ያለው። ያወቅነው ነገር ካላወቅነው አነሰ።

እስካሁን ያልኩትን ሌሎችም ብለውታል። የኔ ቅሬታ ሥዕሉ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚመጣ ሰው ቡኢ ከመድረሱ በፊት ጢያን ያልፋል። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ተቀርጸዋል። ጎራዴ አለባቸው፤ ክብ ምልክት አለባቸው፤ አንዳንዱ የእንሰት ቅጠል ሌላው የራስ መደገፊያ ነው የሚለው ቅርጽም አለባቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው ከአክሱም፣ ድንቅነሽ ከተገኘችበት ከታችኛው አዋሽና ከታችኛው ኦሞ ጋር በአንድ ዓመት ነበር። በሶዶ አካባቢ እስከ ዛሬ ከተለዩት 160 ያህል የአርኪዮሎጂ ቦታዎች ጢያ አንዱ ነው። የፊልሙ ሁለት ምሁራን በዚህ መንገድ ቢያልፉ ኖሮ ክቡን ምልክት አይተው ወደ ዝርዝራቸው በጨመሩት ነበር፦ ግብፅ፣ ሱመር፣ ማያ፣ ሶዶ።

እውነተኛ አርኪዮሎጂስት ግን ጢያ ሲደርስ ወደ ሰማይ አላንጋጠጠም። ፈረንሳዊው ሮጀር ዡሶም ከድንጋዮቹ ሥር ቆፈረ፤ መቃብር አገኘ። የተቀበሩት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ እጅና እግራቸው ተሰብስቦ ነው የተቀበሩት። ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይገመታል። ድንጋዩ የሰው መቃብር ላይ በሰው እጅ የቆመ ነው፤ የጎራዴው ብዛትም የሟቹን ጀግንነት የሚናገር ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ከምልክቶቹ ብዙዎቹ እስከ አሁን አልተነበቡም። አለመነበባቸው ግን የጻፋቸውን ሰው ባዕድ አያደርገውም።

እነ ሾው የሳቱት ይህን ነው። ሁለት አርኪዮሎጂስቶች 35 ሺህ ዓመት የሆነው ሥዕል ፊት ቆመው፣ ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሰው «ይህን የሣለው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ቀለሙን ማን በጠበጠው? በስንት ችቦ ብርሃን ሣለው? ምን አስቦ? ሣዩ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ፤ መልእክቱ ብቻ ተፈለገ። ባዮሎጂስቱ ሾውን የሦስት መቶ ዓመት የዳርዊን ሳይንስን በምን ማስረጃ እንደምትጥል ይጠይቃታል፤ «እንዲህ ማመንን መረጥኩ» ትለዋለች። በመርከቡ ላይ ምርጡን ጥያቄ የጠየቀው ይህ ሰው ነው፤ ፊልሙ ውለታውን የመለሰለት እባብ እንዲያሻሽ በማድረግ ነው።

ሐሳቡ የስኮት ፈጠራ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ኤሪክ ፎን ዴኒከን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው መጽሐፍ የጥንት ሕዝቦች ታላላቅ ሥራ ከሌላ ዓለም በመጡ እንግዶች እጅ ወይም ምሪት የተሠራ ነው የሚል ነገር አሰራጭቷል፤ ስኮትም የዚህ ሰው ሐሳብ መነሻ እንደሆነው አልደበቀም። ይህ አስተሳሰብ የሚመርጠው ሕዝብ አለው። የታላቋን ዚምባብዌ የድንጋይ ግንብ አፍሪካውያን ሊሠሩት አይችሉም ተብሎ ፊንቄዎችና ንግሥተ ሳባ ሳይቀሩ ተጠርተዋል። ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን የተባለች እንግሊዛዊት አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1929 ቆፍራ የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላም የሮዴዢያ መንግሥት እውነቱ እንዳይነገር ይጫን ነበር። ላሊበላንም ግራሃም ሃንኮክ የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ከቴምፕላር ፈረሰኞች ጋር አያይዞታል። የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት ከዚህ ይሻላል፤ መላእክት ሌሊት ቢያግዙም ቀን የሚሠራው ሰው ነበር ይላል፤ የሰውን ድርሻ አልነጠቀም።

ለራሳችንም እውነቱን እንናገር። በደቡቡ አካባቢ ብዙ ሰው እነዚህን ትክል ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ሲል ኖሯል። ግራኝ የተባሉት ኢማም አሕመድ የተነሡት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። የራሳችንን አያቶች ሥራ ለሌላ ለመስጠት ፎን ዴኒከን አላስፈለገንም።

«ልብ ወለድ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ፊልሙም ቢሆን ለዚህ እምነት አላጨበጨበም። ሰዎቹ ፈጣሪ ያሉትን ሲቀሰቅሱት የዴቪድን ራስ ቆርጦ ዌይላንድን ይገድላል፤ ዕቅዱም ምድርን ማጥፋት ነበር። ሾው ያገኘችው አባት ሳይሆን ጠላት ነው። ይህ ድፍረት ነው፤ ከብዙ ፊልሞች በላይ ያስቀምጠዋል። የሚቆጨኝም ለዚህ ነው። ፊልሙ አማልክቱን ከዙፋናቸው ካወረደ በኋላ ወደ ዋሻው ተመልሶ ሥዕሉን ለሠዓሊው መስጠት ይችል ነበር። እሱን ትቶ ሾውን የዴቪድን ራስ አሸክሞ ወደ ሌላ ጥያቄ ያበራታል።

መነሻን መተረክ ደግሞ አሰልቺ መሆን የለበትም። በዚያው መንገድ ከጢያ በፊት አዋሽን ሲሻገሩ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጪት የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩበት ጥቁር መስታወት መሰል ድንጋይ መገኛ ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ የተገኘች የአንድ ሕፃን መንጋጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት መሠረት፣ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት የሆሞ ኢሬክተስ ናት። እዚያው ወደ 700 ሺህ ዓመት የሚጠጋቸው የአዋቂዎችና የሕፃናት ዱካዎችም ተገኝተዋል። ሕፃናት ከትልልቆቹ ጋር ውሃ ዳር ጭቃ ረግጠዋል። አንድ ጎበዝ የፊልም ደራሲ ከዚህ ምን አያወጣም?

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። የፊልሙ ባለቤቶች ተመልካቹን ሰሙ፤ የሰሙት ግን «አውሬው የታለ?» የሚለውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ኤሊየን፦ ኮቨናንት» አውሬውን መለሰ፤ ሾውን ከካሜራ ጀርባ ገደላት፤ እነዚያን ግዙፍ ፈጣሪዎች በትዝታ መልክ በጥቂት ደቂቃ ጨረሳቸው። ዴቪድ ብቻ ተረፈ፤ ያ ጥሩ ነው። ጥያቄው ግን ተጣለ፤ ገቢውም ከ«ፕሮሜቲየስ» እጅግ አነሰ። መታረም የነበረበት መልሱ ነበር፤ እነሱ ጥያቄውን ሰረዙ።

ለእኔ «ፕሮሜቲየስ» ከተሳኩት ብዙ የጠፈር ፊልሞች ይልቅ ደግሜ የማየው ያልተሳካ ፊልም ነው፤ ግማሹ በፋስቤንደር፣ ሩቡ በዓይን ጥጋብ፣ ቀሪው በንዴት። ያላየ ይየው፤ ከተቻለ በትልቅ ስክሪንና በጨለማ ክፍል። ጢያን ያላየ የቡኢ ልጅ ካለ ደግሞ፣ እንዳለም አውቃለሁ፣ በሚኒባስ ይሂድና ከድንጋዮቹ አንዱ ፊት ቆሞ እነ ሾው ያልጠየቁትን ይጠይቅ። ለታሪክ መምህራን የማቀርበው ልመናም ይኸው ነው፤ ፊልሙንና ድንጋዩን በአንድ ቅዳሜ ማሳየት ይቻላል።